ስለ ቢጫዋ ወንበርና በገዛ እጄ ስለፈረምኩት ፊርማ

መጋቢት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሰሜን መስመር የመንገደኞች መቀመጫና መጠለያ ዲዛይን ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኢንጂነር ፊሊሞን፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቀደም ሲል የሰጠሁትን ምስጋና በከፊል ስለማንሳት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም የጉልበትዎና የወገብዎ ጤና እንደምን አለልኝ? ጉልበትዎን ለይቼ መጠየቄ እንዳይደንቅዎት። በእኛ ዕድሜ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ ጉልበቱ ነው፤ ልጆችና የልጅ ልጆች ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት እቤቴ፣ ራሴ በሠራሁት ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለሆነ እስካሁን ምንም ጉዳት አልደረሰብኝም።

ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ ዓምሃ ብርሃኔ ይባላል። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጉለሌ፣ ዊንጌት አካባቢ ከባለቤቴ ከወይዘሮ ጽጌረዳ ጋር እኖራለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አርባ ዓመት ያህል እንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ወንበር ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ለትምህርት ቤት፣ ለመሥሪያ ቤት፣ ለሠርግ ቤት፣ ለምኑም ለምኑም። እርስዎ አሁን የተቀመጡበት ወንበር ሳይቀር የእኔ እጅ ያረፈበት ሊሆን ይችላልና ይህን ሲያነቡ ቢናደዱም ብዙ አይወዛወዙበት።

ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግኩት ክቡርነትዎን በሰው ፊት ለማሳጣት አይደለም። ባለፈው ዓመት ያመሰገንኩዎት በአዳራሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ስለነበር፣ ምስጋናውንም በጓዳ ማንሳት ነውር ይሆንብኛል ብዬ ነው። የማነሳውም ሁሉንም አይደለም። ስለ እኛ ስለ አረጋውያን በማሰብዎ ያቀረብኩት ምስጋና እንዳለ ይቆይልኝ፤ ማሰቡን በእውነት አስበዋል። እኔን የቸገረኝ ከሐሳቡ ቀጥሎ የመጣው ብረት ነው። ከዚህ በታች በተራ ቁጥር ዘርዝሬ አቀርባለሁ።

1ኛ. ፌርማታችን ላይ ስለተተከለልን መቀመጫ። መቀመጫ ያልኩት አጠገቡ በተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ እንዲህ ተብሎ ስለተጻፈ እንጂ፣ ማስታወቂያውን ባላነብ ኖሮ መጋረጃው ገና ያልመጣለት የመጋረጃ ዘንግ ነው ብዬ አልፌው እሄድ ነበር። ወርዱ አንድ ስንዝር አይሞላም፣ ወደ ፊት ያዘነበለ ነው፣ ቁመቱም ለእኔ ዳሌ ሲደርስ ለባለቤቴ ወገብ ይደርሳል። ማስታወቂያው “ለአጭር ቆይታ የተዘጋጀ ዘመናዊ መደገፊያ” ይለዋል። ቆይታው አጭር መሆኑን ለአውቶቡሱ የነገረው ሰው እንደሌለ ግን በትሕትና ላሳውቅዎት እወዳለሁ።

እንዲህ ሆኖ የተሠራው ሰው እንዳይተኛበት ታስቦ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። በዚህ ረገድ ሥራው ሙሉ በሙሉ ተሳክቷል፤ የሚተኛበትም የሚቀመጥበትም አልተገኘም። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደውን ብርድ ሁሉ ብረቱ ሰብስቦ ይጠብቀናል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐዩን። በሁለቱ መካከል፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ፣ ለአንድ ሩብ ሰዓት ያህል እንደሚያስደግፍ እኔ ራሴ ሞክሬ አረጋግጫለሁ።

እዚህ ላይ የፈድሉን ስም ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ፈድሉ ከፌርማታው ጎን ትንሽ ሱቅ ያለው የሰፈራችን ልጅ ነው። መደገፊያው በተተከለ በሳምንቱ ሦስት የለስላሳ ሳጥኖች ገልብጦ፣ በላያቸው ላይ የታጠፈ ጆንያ መትቶ፣ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ጽሕፈት ቤትዎ በሠራው ጣሪያ ሥር ይደረድርልናል። የእናንተ ጣሪያ ከፈድሉ ሳጥን ጋር ተዳምሮ ደህና ፌርማታ ወጥቶታል። ሳጥኖቹ ዝቅ ስለሚሉ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ፈድሉ ደንበኛውን ጥሎ ይወጣና ብብታችንን ይዞ አንድ በአንድ ያነሳናል፤ እያነሳንም “አባባ፣ ዝቅ ስለሚል ይቅርታ አድርጉልኝ” ይለናል። ይቅርታ ሲጠይቅ የሰማሁት ባለመቀመጫ እሱ ብቻ ነው።

2ኛ. አውቶቡሱ ውስጥ ስላለችው ቢጫ ወንበር። ለአረጋውያን ተብላ ተለይታ የተሠራች አንዲት ወንበር መኖሯን መስከረም ላይ ስናይ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ደስ ብሎን ነበር። ቀለሟ የመስቀል አበባ ይመስላል። የተቀመጠችው ግን ከኋላ ጎማ በላይ፣ ጉልበት ከሚያህል ደረጃ ላይ ነው። እዚያ መውጣት የቻለ ሰው ወንበሯ አታስፈልገውም፤ የምታስፈልገው ሰው ደግሞ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ወንበሯ እስካሁን እንደ አዲስ ናት፤ ለንብረት አያያዝ ከታሰበ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

ከወንበሯ በላይ የተለጠፈው ሥዕልም አለ። አንድ ከዘራ የያዘ፣ አንገቱ ደረቱ ላይ የተደፋ፣ ወገቡ የጎበጠ ሽማግሌ ነው። ሥዕሉን ያየ አረጋዊ ሁሉ ለሥዕሉ ሰው ያዝንለታል እንጂ እኔ ነኝ አይልም። ጎረቤታችን ጋሽ ኡርጌሳ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ከሱሉልታ በኩል ካሉት ኮረብታዎች ወርደው ጉለሌ ከገቡ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። መጀመሪያ ቀን ተቀመጡ ሲባሉ ሥዕሉን ትኩር ብለው አዩና “እኔ ከዘራ የለኝ። ያ ሰውዬ በሚቀጥለው ፌርማታ ገብቶ ቦታዬን ልቀቅ ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ?” አሉ። ወይዘሮዎቹ ደግሞ ሥዕሉ ወንድ ስለሆነ ወንበሩ የወንድ ነው ብለው ተዉት። ይህን የምነግርዎት ሥዕሉ እንዲቀየር አይደለም፤ ሰውየው ብዙ ደክሟል፣ ይቀመጥ።

ይልቅ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ወንበሯ ከመምጣቷ በፊት አንድ ሽማግሌ አውቶቡስ ሲገባ በር አጠገብ ያለው ወጣት፣ የጆሮ ማዳመጫውን እንኳ ሳያወልቅ፣ ብድግ ይልና ቦታውን ይለቅ ነበር። አሁን ልጆቹ ባለጌ ስላልሆኑ ዝም አይሉንም። “አባባ፣ ለእርስዎ የተዘጋጀ አለ” እያሉ በጨዋ ደንብ ወደ ጎማው በኩል ያመለክቱናል። ከዚህ በፊት አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ወንበር ሁሉ የእኛ ነበር፤ ጽሕፈት ቤትዎ ባደረገልን ልዩ እንክብካቤ ወደ አንድ ወርዷል።

3ኛ. ስለ ወንበሯ ብቸኝነት። ይህን ክፍል ስጽፍ ከቀልዱ ትንሽ ልቀንስ ነውና ይፍቀዱልኝ።

ባለቤቴ ጽጌረዳ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ታላቅ እህቷ እትዬ አመለወርቅ ሰማንያ ሦስት ናቸው፤ ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለው መንደር ይኖራሉ። እናታቸው ስትሞት ጽጌረዳ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እትዬ አመለወርቅ በአሥራ ሦስት ዓመታቸው እናት ሆነው አሳደጓት። ከእህትነት ያለፈ ነገር ነው ያላቸው። እኔ ካገባኋት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጽጌረዳ ቤት ውላ አታውቅም፤ ወደ ቁስቋም ትሄዳለች፣ ሁለቱ ቁጭ ብለው እኔ ያልሰማሁትን ሁሉ ያወራሉ፣ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ጎንበስ ብሎ መግባቱን ጉልበቷ ከከለከላት ስድስት ዓመት ሆኗል፤ መኪና ጠርቶ በየሳምንቱ መመላለሱንም ጡረታዬ አይችለውም። የቀረላት የእናንተ አውቶቡስ ነበር።

ኅዳር 6 ቀን፣ በቁስቋም ዕለት፣ እኔና እሷ ነጠላችንን ለብሰን ለንግሥ እየሄድን ነበር። ጋሽ ኡርጌሳም ለሌላ ጉዳይ ወደ ሽሮ ሜዳ ይሄዱ ስለነበር አብረውን ተሳፈሩ። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነበር፤ ባዶ የነበረችው ቢጫዋ ብቻ ናት። የዚያን ዕለት እንዲያውም አንድ ደግ ሰው ደረጃዋን ደግፎ ሊያወጣን እጁን ዘርግቶ ቆሞልናል። ወንበር አለ፣ ደጋፊ አለ፣ አረጋውያን አለን። ምን ጎደለ ቢሉኝ፣ ሁለተኛ ወንበር ጎደለ።

ክቡርነትዎ እዚህ አገር ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ የቀረውን ሳልነግርዎትም ያውቁታል። ጽጌረዳ “ጋሽዬ፣ ይቀመጡ” አለች። ጋሽ ኡርጌሳ “ኧረ በፍጹም፣ ወይዘሮ ጽጌ፣ አንቱ ይቀመጡ” አሉ። እሷ ታላቅ ቆሞ አልቀመጥም አለች፤ እሳቸው ሴት ቆማ እኔ ብቀመጥ ሰው ምን ይለኛል አሉ። እሷ በማርያም ብላ ለመነች፤ እሳቸው እኔ ቅርብ ወራጅ ነኝ ብለው ዋሹ። በእኛ ዘንድ በመጀመሪያው ግብዣ የሚቀመጥ ሰው እንደሌለ፣ በሁለተኛውም የሚቀመጥ ቢኖር አስተዳደጉ እንደሚያጠያይቅ የታወቀ ነው፤ ለመቀመጥ ሦስተኛው ላይ መድረስ ያስፈልጋል። አውቶቡሱ የጠበቀን ግን በሩ እስኪዘጋ ብቻ ነው። ሾፌሩ ዳገቱን ለመውጣት ነዳጅ ሲረግጥ ሁለቱም ምንም ሳይጨብጡ፣ እጃቸውን ወደ ወንበሯ ዘርግተው ይገባበዙ ነበር። እኔም ከኋላ ቆሜ ሁለቱንም ተቀመጡ እያልኩ በሁለት እጄ እጋብዝ ነበርና ልይዛት አልደረስኩም።

ጽጌረዳ ወደቀች። የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ፌርማታ ወርደን ወደ ሆስፒታል ሄድን። ቢጫዋ ወንበር ባዶዋን እስከ መጨረሻው ፌርማታ እንደደረሰች በኋላ ሰማን።

እጇ ድኗል፤ ጀሶው ከወለቀ ሁለት ወር አልፏል። አውቶቡስ ላይ ግን ከዚያ ወዲህ አልወጣችም። ቅዳሜ ይመጣል፣ ትለብሳለች፣ እስከ በር ትደርሳለች፣ ከዚያ “ዛሬ ደመና ነው” ትላለች። ደመና ባይኖርም ትላለች። በዚሁ ሁኔታ እህትማማቾቹ በአንድ አውቶቡስ መስመር ሁለት ጫፍ እየኖሩ ሳይተያዩ አራት ወር ሆናቸው። በስልክ ይነጋገራሉ እንዳልል የእትዬ አመለወርቅ ጆሮ ከብዷል፤ አንዱን “ደህና ነሽ ወይ” ሦስቴ ጮኸው ይባባላሉ፣ ከዚያ ሁለቱም ይደክማቸውና ይዘጋሉ። ያን የሚያህል የልብ ጨዋታ በጩኸት አይሆንም። ጋሽ ኡርጌሳም ጥፋቱን ሁሉ በራሳቸው ላይ አድርገውት በየሳምንቱ ሊጠይቋት ይመጣሉ፤ መጥተውም እኛ ቤት እንኳ ተቀመጡ ስንላቸው ቶሎ አይቀመጡም። እኔ ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። በማን እንደምናደድ እስካውቅ ድረስ ግን ጊዜ ወስዶብኛል።

4ኛ. ይህን አራተኛውን ቅሬታ የማቀርበው በራሴ ላይ ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ጽሕፈት ቤትዎ አርባ አንድ አረጋውያንን ወረዳው አዳራሽ ጠርቶ የአውቶቡሱን ወንበር ናሙና አስሞክሮናል። ይህን ማድረግዎ ያስመሰግንዎታል፤ ብዙ ሰው ሳይጠይቀን ስንት ነገር ሠርቶልናል። ውኃና ብስኩት ቀረበልን። ቤዛዊት የምትባል የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረባ፣ ፊቷ ብሩህ የሆነ ልጅ፣ ፎርም ይዛ አንድ በአንድ እያስቀመጠች “ተመቸዎት?” እያለች ትጠይቀን ነበር። ተራዬ ደርሶ ከመቀመጤ በፊት የጫማዬ ክር ተፈቶ አይታ ተንበርክካ አሰረችልኝ።

ተቀመጥኩ። ክቡር ሆይ፣ አርባ ዓመት ወንበር የሠራ ሰው ወንበርን የሚያውቀው በዓይኑ አይደለም። ገና ሳርፍ ተረከዜ ከመሬት ለቀቀ፤ ከሚገባው አንድ ጋት እንደሚረዝም አወቅኩ። መቀመጫው ለጭን አጭር ነው፣ ሲነሱ የሚጨብጡት የክንድ ማሳረፊያ የለውም፣ ልባሱ ያንሸራትታል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወቅኩ። ከዚያ ያቺ ልጅ ቀና ብላ እያየችኝ “አባባ፣ ተመቸዎት?” ስትለኝ፣ “እጅግ ምቹ ነው፣ እጃችሁ ይባረክ” አልኩ። በዚያ ቢበቃኝ ደግ ነበር፤ ብየዳውን ሳይቀር አደነቅኩ፣ ፎርሙ ላይም ፈረምኩበት።

ምን ልበል ነበር? እንግዳ አድርገው ጠርተውኛል፣ ውኃቸውን ጠጥቻለሁ፣ ልጅቷ ጫማዬን አስራለች፣ ሠራተኞቹ ናሙናውን ተሸክመው ሲያመጡ ላባቸው ይንጠፈጠፍ ነበር። በሰው ልፋት ላይ ፊት ለፊት “ይህ አይሆንም” ማለት አላደግኩበትም። ከእኔ በፊት የተቀመጠችው ጽጌረዳ “እንዲህ ያለውማ እቤቴም በኖረኝ” ብላ ነበር። ከእኔ በኋላ የተቀመጡት ጋሽ ኡርጌሳ ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ወንበሩን፣ የሠራውን፣ ያሠራውን፣ የሠራተኞቹን ልጆች ሳይቀር መረቁ፤ አዳራሹ በሙሉ አሜን አለ። አርባ አንዳችንም እንደዚሁ ነው ያደረግነው። አንዲት እናት ብቻ ትንሽ ከፍ ይላል መሰለኝ ብለው ጀመሩና፣ ሁላችንም ዞር ብለን ስናያቸው “ለእኔ ነው፣ እኔ አጭር ነኝ” ብለው ይቅርታ ጠየቁ።

ስንነሳ ግን ሁለት ጎበዛዝት ግራና ቀኝ ብብታችንን ይዘው ነበር የሚያነሱን። ፎርሙ ላይ ስለ መነሳት የሚጠይቅ መስመር አልነበረም። ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ባወጣው ዘገባ ላይ “የተጠቃሚዎች እርካታ መቶ በመቶ” ተብሎ ተጻፈ፤ አልዋሻችሁም፣ የዋሸነው እኛ ነን።

ባለቤቴ ከወደቀች በኋላ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። እርስዎ ከመቀመጫዎ ተነስተው ተቀበሉኝ፣ አስቀመጡኝ፣ አዳመጡኝ። ከዚያ ፋይል አስወጥተው ፊርማዬን አሳዩኝና “አባቴ፣ ይህ የእርስዎ አይደለም?” አሉኝ። የእኔው ነበር፣ ያውም ተጠንቅቄ የፈረምኩት፣ ጅራቷ የተጠቀለለች። ልናገር ሦስት ሳምንት ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። እርስዎ ግን ሻይ ይምጣልዎት አሉኝ። እኔም “አይ፣ ፊርማውስ የእኔ ነው፣ በሥራ ሰዓት ስላስቸገርኩ ይቅርታ” ብዬ፣ አመስግኜዎት ወጣሁ። እቤት ስደርስ ጽጌረዳ ምን አሉህ ስትለኝ “በጣም ጨዋ ሰው ናቸው” አልኳት። ውሸት አልነበረም።

ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ፣ እርስዎ ፊት ለፊቴ ሻይ ሳያዙልኝ በፊት፣ በአዳራሹ ያልኩትን አነሳለሁ። ወንበሩ አልተመቸኝም። ከፍ ይላል፣ አጭር ነው፣ መጨበጫ የለውም፣ ቦታው መጥፎ ነው። ብየዳውም ያን ያህል አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ በዘገባዎ ላይ ከአርባ አንድ አርባ ብለው ያርሙልኝ። ጋሽ ኡርጌሳን እርስዎስ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ምርቃት አንዴ ከአፍ ከወጣ አይመለስም ብለውኛልና የእሳቸው ምርቃት ከነልጆቹ ከእናንተው ጋር ይቆይ።

መንቀፍ ብቻ እንዳይሆንብኝ የምለምነውን ልለምን። ሌላ ናሙና ሠርታችሁ በምትጠሩን ቀን፣ እባክዎን፣ ተመቸዎት ወይ ብላችሁ አትጠይቁን፤ ከጠየቃችሁን እንደገና እናመሰግናችኋለን። ወንበሩን አስቀምጡና ዝም በሉ። ብስኩቱ ወዲያ ማዶ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ የሚያነሳን ሰው አይኑር፣ እናንተ ራቅ ብላችሁ እዩን። ጭኑን ሁለቴ ሦስቴ መትቶ የሚነሳውን፣ የጎረቤቱን ትከሻ የሚፈልገውን፣ ብስኩት አልወድም ብሎ ቁጭ የሚለውን ቁጠሩ። እኛ በአፋችን የማንነግራችሁን ጉልበታችን ይነግራችኋል።

ወንበሩን በተመለከተ፣ ሙያዬ ስለሆነ፣ ቁመቱ ከወለል አርባ አምስት ሳንቲሜትር ይሁን፤ ግራና ቀኙ የሚጨበጥ ነገር ይኑረው፤ በር አጠገብ፣ ደረጃ በሌለበት ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን አንድ አይሁን። ሁለት ጎን ለጎን አድርጉልን። አንድ ከሆነ እስክንወድቅ እንገባበዛለን፤ ሁለት ከሆነ ግን አንዱ “አብረን እንቀመጥ” ይልና ነገሩ በአንድ ቃል ያልቃል። ሾፌሮቹንም፣ እኛ እስክናርፍ አሥር ብትቆጥሩ ጎማው አይበርድም በሉልን። ልኬቱን ለማሳየት ከፈለጋችሁኝ ሜትሬን ይዤ እመጣለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ቃል ይግቡልኝ፣ ሻይ እንዳታቀርቡልኝ።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ስላነበቡልኝ፣ ፌርማታ ላይ ቆመን እንድናስብ በቂ ጊዜ ስለሰጡን፣ በዚህ ዕድሜያችን በአንድ እግር መቆምን ስላስተማሩን፣ ፈድሉን የመሰለ ልጅ መካከላችን እንዳለ እንድናውቅ ስላደረጉን ከልብ አመሰግናለሁ። ወንበርዎ ያሳርፍዎት፣ ሲነሱም ወገብዎ ይታዘዝልዎት፣ የሚደግፍዎ ሰው በማይፈልጉበት ዕድሜም በሚፈልጉበትም አይጡ እያልኩ፣ ከማይነቃነቅ አክብሮት ጋር፣

ዓምሃ ብርሃኔ
የቀድሞ ወንበር ሠሪ፣ የአሁን ቋሚ ተሳፋሪ
ጉለሌ፣ ዊንጌት

ግልባጭ፦
ለፈድሉ ሱቅ፣ በር ላይ እንዲለጠፍ
ለጋሽ ኡርጌሳ፣ ቁጭ ብለው እንዲያነቡት
ለወይዘሪት ቤዛዊት፣ ከይቅርታ ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለባለቤቴ አነበብኩላት። ሰውየውን አስቀየምካቸው አለችኝ። ስለ ብየዳው ያልከውን አውጣው፣ ደግሞም “ወንበሩስ ምንም አይልም፣ ያልተጠነቀቅኩት እኔ ነኝ” ብላለች በልልኝ ብላኛለች፤ ብየዳውን አላወጣሁም፣ ቃሏን ግን ይኸው አድርሻለሁ። እንዲያ ከሆነ ለፋሲካ በአውቶቡስ እትዬ አመለወርቅ ጋ እንሂዳ አልኳት። ነጠላዋን ስታጥፍ ስትዘረጋ ብዙ ቆየችና “ዘንድሮስ እሷ ብትመጣ ይሻላል” አለች። ዛሬ ጠዋት ደውለን ነገርናቸው። እትዬ አመለወርቅ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው፣ አንድም ቃል ሳያጉረመርሙ፣ እሺ እመጣለሁ አሉ፤ እመጣለሁ ካሉ በኋላ ግን “ለሽማግሌ የሚሆን ወንበር አውቶቡሱ ላይ ተደርጓል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው?” ብለው ጠየቁን። ጽጌረዳ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔም መልሼ ለእሷ ሰጠኋት። ፋሲካ ሊደርስ አራት ሳምንት አልሞላውም፤ ክቡርነትዎ እስከዚያ የሚሉት ነገር ካለ እናደርስላቸዋለን።